ከእጅ በፊት አየሩን

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ ቀለም መርጨት የሚለምድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በትልቅ ዕቃ ላይ ነው፤ በብረት በር፣ በቁም ሣጥን፣ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል አካል። ትምህርቱም ከእጅ ይነሣል። መርጫውን እንዲህ ያዝ፣ ከዚህ ተነሥተህ እዚያ ድረስ ሂድ፣ መሐል ላይ አትቁም ይባላል። ይህ ቅደም ተከተል ለደረቅ አገር ይሠራ ይሆናል፤ እነዚህ ከተሞች ላሉበት ለኢሉባቦር ግን ትክክል አይመስለኝም። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት፣ ጎሬን የመሰለች ከተማ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በምታገኝበት አካባቢ፣ ጀማሪ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አየሩን ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለውን ውሃ፣ የቲነሩን አተናነን፣ የቀለሙን አደራረቅ። እጅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን ለመማር ደግሞ ትልቁን በር ትቶ፣ ኤርብረሽ በሚባል ደቃቅ መርጫ የሚቀባ ትንሽ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ይዞ መቀመጥ ይሻላል እላለሁ።

ውሃው የሚለካ ነገር ስለሆነ በቁጥር እንየው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውሃ እንፋሎት 17 ግራም ያህል ነው። የክረምት አየር ከዚህ አቅሙ 80 በመቶውን ይዞ ቢገኝ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 14 ግራም ገደማ ውሃ አለ ማለት ነው። ኮምፕሬሰር ስምንት ሜትር ኩብ አየር ወደ አንድ ሜትር ኩብ ሲያምቅ 110 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይገባል። የታመቀው አየር ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን መሸከም የሚችለው ያንኑ 17 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው፣ ከ90 ግራም በላይ የሆነው፣ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል፤ የቡና ሲኒ ሞልቶ የሚተርፍ መጠን ነው። ከታንኩ ሥር ያለችው ማፍሰሻ ስትከፈት ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ እየተፋች የምትወጣው ለዚህ ነው። ማፍሰሻዋ ካልተከፈተች ውሃው በጎማው አልፎ ከቀለሙ ጋር ይወጣል፤ የተቀባው ገጽ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ጀማሪውም እጄ ነው ጥፋተኛው ብሎ እጁን ሲያርም ይውላል። የውሃ ማጣሪያ የገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ይገጥመዋል። እዚያ ቦታ አየሩ ገና ትኩስ ነው፤ ውሃው እንፋሎት ስለሆነ ማጣሪያውን ሰተት ብሎ ያልፋል። ማጣሪያ መቀመጥ ያለበት አየሩ በረጅም ጎማ ተጉዞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ወደ መርጫው ሲቃረብ ነው።

ከታንኩ ውጭ ያለው ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ናይትሮ ቫርኒሽ በዝናብ ቀን ሲረጭ ነጭ ጉም ለብሶ የሚቀረው ቫርኒሹ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። ቲነር ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የተቀባው ገጽ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ውሃው እዚያው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠራል፤ ቫርኒሹም ጤዛውን ይዞ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ነገሩን ያባብሰዋል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ፈጣን ቲነር ይጨምራል፤ ፈጣን ቲነር ደግሞ የበለጠ ያቀዘቅዛል፣ የበለጠ ጤዛ ይጠራል። የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር፣ ስስ ቅብ፣ በቅብና በቅብ መካከል ዕረፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓት መምረጥ ነው። የጠዋቱ ጉም ተነሥቶ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ያለችውን የረፋድ ጊዜ ማለቴ ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ። ጎሬ ላይ ነጭ ጉም የለበሰው ቅልቅል፣ በጋምቤላ የበጋ ሙቀት ገና በአየር ላይ እያለ ደርቆ ዕቃው ላይ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ሰውየው አንድ፣ መርጫው አንድ፣ እጁም ያው እጅ ነው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በትልቅ በር ላይ የማይታይ ምን ኖሮት ነው ወደ ትንሽ ሞዴል የምንሄደው? በር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሁለት እርምጃ ርቆ ለሚያየው ሰው ቀለሙ ትንሽ ቢወፍር፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቢሻክር አይታወቅም። ሞዴል ግን ምሕረት የለውም። በ1 ለ72 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ በተሠራ አውሮፕላን ላይ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ) ውፍረት ያለው ቀለም ቢቀመጥ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ልክ ሲሰላ 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክንፉ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥነው የተቀረጹት የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮች ይደፈናሉ፤ ሚስማሮቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ተማሪው ስስ መቀባትን የሚማረው ምክር ሰምቶ ሳይሆን መስመሩ ሲጠፋበት ዓይኑ እያየ ነው። ኤርብረሽም ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ነው። የጋራዥ መርጫ አፉ ከ1.3 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤርብረሽ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ግፊቱም ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃዋል። ቀለሙ በደንብ ካልቀጠነ በዚያች ቀዳዳ አያልፍም፤ ያለ ልክ ከቀጠነ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ገጹ ላይ እየገፋ የሸረሪት እግር ያወጣለታል። መጠኑን ለማወቅ ቀለሙን በትንሽ ኩባያ በጥብጦ በኩባያው ግድግዳ ላይ ማውጣትና አወራረዱን ማየት ነው። ተጣብቆ ከቆመ ወፍራም ነው፤ ምንም ሳይተው ጥርግ ብሎ ከወረደ ቀጥኗል፤ ስስ ልባስ እየተወ ቀስ ብሎ ከወረደ ደርሷል። ከፋርማሲ በምትገዛ ሲሪንጅ እየለካ፣ ስንት ቀለም፣ ስንት ቲነር፣ በምን ሰዓት፣ በምን ዓይነት ቀን ብሎ የሚመዘግብ ተማሪ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሲያልፉ የመቱን አየር በደብተሩ ይይዘዋል።

ኤርብረሽ ቅንጦት ነው፣ ሞዴሉም ቢሆን በመቱ ገበያ አይገኝም የሚል ሰው እውነት አለው። ተገጣጣሚ ሞዴል ከውጭ በሰው እጅ ካልመጣ በኢሉባቦር ከተሞች የሱቅ ዕቃ አይደለም። ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ግን ሞዴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ፖሊስቲሪን ይባላል። አንዳንድ የእርጎ ኩባያና ተጠቅመው የሚጥሉት ሳህን ከዚሁ ነው የሚሠራው፤ ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ተጽፎበታል። 2 ቁጥር ያለበት ጀሪካንና 5 ቁጥር ያለበት ባልዲ ለዚህ አይሆኑም፤ ቀለም ይዘው አይቀሩም፣ በጥፍር ሲነኩ እየተላጡ ይነሣሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ የሞዴል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሞተር ሳይክል መከላከያና ሽፋን አንዳንዱ ከእንደዚህ ያለ ቀለም ከማይዝ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ፣ ለእሱ የተዘጋጀ ፕራይመር ካልቀደመው ምንም ያህል ቢያምር በወራት ውስጥ ይገለፈፋል። ፕላስቲክን የሚያቀልጥ ቲነርም አለ። የጋራዥ ናይትሮ ቲነር ፖሊስቲሪን ላይ በርከት ብሎ ካረፈ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ያጨማድደዋል። በሚጣል ኩባያ ላይ ይህን ያየ ልጅ የሰው ሞተር ሳይክል ላይ አይደግመውም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው። የእጅ ሙያ በማየት ይለመዳል፤ እኛም የለመድነው ካስተማረን ባለሙያ አጠገብ ቆመን ነው ይላሉ። ይህን አላቃልልም። መርጫውን ከዕቃው ውጭ ከፍቶ ከዕቃው ውጭ መዝጋት፣ የእጅ አንጓን አለማጠፍ፣ ርቀትን አለመለወጥ፣ እያንዳንዱን መስመር ባለፈው ግማሽ ላይ ማሳረፍ ከማየት በቀር በምንም አይገባም። ዓይን የሚያየው ግን እንቅስቃሴውን ነው። አስተማሪው ባለሙያ ጠዋት ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ቲነሩን የቀየረው፣ ወይም ዛሬ አይረጭም ብሎ ሥራውን ያሳደረው፣ ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው። ያ የእውቀቱ ትልቁ ክፍል ሳይተላለፍ ይቀራል። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ለምዶ ወደ መቱ የተመለሰ ልጅ እጁ የተፈታ ሆኖ ሳለ በሐምሌ ሥራው የሚበላሽበት ምክንያትም ይኸው ነው። እንቅስቃሴውን ይዞ መጥቷል፤ አየሩን ግን የሚያገኘው እዚህ ነው።

በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም መጠቀም አይሻልም ወይ ለሚል፣ ለጀማሪ በአብዛኛው ይሻላል እላለሁ። ፕላስቲኩን አያቀልጥም፣ ሽታው ቀላል ነው። እርጥበቱን ግን አያመልጥም፤ በውሃ በተሞላ አየር ውስጥ ውሃ ለመተን ስለሚቸገር በጣም ይዘገያል፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሁለተኛውን ቅብ ባልደረቀው ላይ ይጭንበታል። ስለ ጤና ደግሞ ሳልሸራርፍ ልናገር። በማጠንከሪያ የሚደባለቀው የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል የማይድን አስም ሊያመጣ ይችላል። ጀማሪ፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚለማመድ፣ ጨርሶ ሊነካው አይገባም። አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን የቲነር ትነትን አያቆምም፤ የሚያቆመው ለኬሚካል ትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ነው። ለትንሽ ሞዴል የሚረጨው ቀለም ጥቂት ጠብታ መሆኑ፣ ከጋራዥ ይልቅ እዚህ ለመጀመር ሌላው ምክንያቴ ነው።

የሞዴል ዕድል ላገኘ የኢሉባቦር ልጅ ዲሲ-3 አውሮፕላን ጥሩ ምርጫ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት በሆነው ሲ-47 ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ጎሬ በአገር ውስጥ በረራው ከሚደርስባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1 ለ72 ሲሠራ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለመለማመድ የሚበቃ ሰፊ ገጽ ነው። ችግሩ አውሮፕላኑ አልሙኒየም መሆኑ ነው። የብርማ ቀለም የብረት ቅንጣቶች ቅቡ ሲረጥብ እየዋኙ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ገጹ ዳመና ዳመና ይላል፤ ሜታሊክ ባጃጅ የቀባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንጸባራቂ ጥቁር በስሱ ቀብቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ማሳደር፣ ከዚያ ብርማውን ግፊቱን ወደ 1 ባር አውርዶ፣ ገጹ እንዳይረጥብ ከተለመደው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በመስኮት ብርሃን ጥቁሩ ቀስ በቀስ ሲሸፈን እያዩ በአራትና በአምስት ስስ ቅብ መጨረስ ነው። ጥቁሩ ላይ ያለች አንዲት አቧራ እንኳ ከብርማው ሥር ጎልታ ስለምትወጣ፣ በሁለቱ መካከል ገጹን በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ውሃው ከመስመሮቹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን ብርማው አይረጭም።