ፈጥኖ ማደግና ማትረፍ አንድ አይደሉም
ስለ አሳማ እርባታ በሚቀርበው ክርክር ላይ የተጻፈ ትችት

በልደታ ማርያም ሰፈር ተቀምጦ ስለ አሳማ የሚጽፍ ተማሪ ሳይሳቅበት አይቀርም። ክርስቲያኑ በኦሪት ሕግ መሠረት እሪያን አይበላም፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ አሳማ የሚረባባቸው ግቢዎች በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ አሉ፤ ለአሳማ መኖ የሚሆነው ትርፍራፊም በየማታው በሰፈራችን ምግብ ቤቶች ጓሮ ይከማቻል። ስለዚህ ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

በትምህርት ክፍልና በንግድ ዕቅድ ጽሑፎች ደጋግሞ የሚሰማው ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፤ አሳማ ብዙ ይወልዳል፣ ፈጥኖ ያድጋል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ስለዚህ ያተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ላም 9 ወር አርግዛ አንድ ጥጃ ስትወልድ፣ አሳማ በ114 ቀን ገደማ ብዙ ግልገሎች ትወልዳለች። ሦስተኛው ግን ግማሽ እውነት ነው፤ አራተኛውም ከሦስቱ በቀጥታ የሚወጣ መደምደሚያ አይደለም።

አሳማ ያገኘውን ይበላል ማለት ከበላው ሁሉ ሥጋ ያበጃል ማለት አይደለም። ሆዱ እንደ በሬ ሆድ አራት ክፍል ስለሌለው ከጭድ የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። በቆሎ ኀይል ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በበቆሎ ውስጥ አነስተኛ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት በአገራችን የሚታሰበው የኑግ ፋጉሎ ነው፤ እርሱም ቢሆን ፕሮቲኑ ብዙ ሲሆን ላይሲኑ አነስተኛ፣ አሠሩም ብዙ ነው። አኩሪ አተር ይህን ያሟላል፤ ግን ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ስለሚያውክ መቆላት አለበት። አተላም ውኃው ስለሚበዛ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያሳድግም።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። አንድ አሳማ ከ10 ኪሎ ተነሥቶ 80 ኪሎ እንዲደርስ እንፈልጋለን እንበል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭማሪ 3 ኪሎ መኖ ቢበላ በጠቅላላው 210 ኪሎ ይፈጃል። መኖው ሳይመጣጠን ቀርቶ 5 ኪሎ ቢፈልግ 350 ኪሎ ይሆናል። በአንድ አሳማ የ140 ኪሎ መኖ ልዩነት አለ ማለት ነው። ከእርባታው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መኖ ስለ ሆነ፣ አሳማው በሁለቱም መንገድ 80 ኪሎ ቢደርስ እንኳ ባለቤቱ በአንደኛው ሊያተርፍ፣ በሌላው ሊከስር ይችላል።

የመኖው ጤንነትም ሊታሰብበት ይገባል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የወተት ከብቶች መኖና ወተት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በሰፊው መኖሩን፣ የኑግ ፋጉሎም ዋና ምንጩ መሆኑን አመልክቷል። አሳማ፣ ይልቁንም ግልገሉ፣ ይህን መርዝ የማይችል እንስሳ ነው። ጉበቱ ይጎዳል፤ ምግብ ይቀንሳል፤ እድገቱም ይገታል።

ትርፍራፊውስ? ዋጋው ዝቅተኛ ነው ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ጨው ስለሚበዛበት፣ በቂ ውኃ ያላገኘ አሳማ በጨው ይመረዛል። ጥሬ ሥጋ የነካው ትርፍራፊ ሳይቀቀል ከቀረበም በሽታ ያዛምታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለተነሣው የአፍተግር ወረርሽኝ መነሻ ሆኖ የተገመተው በአንድ የአሳማ እርባታ የቀረበ በሚገባ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ነበር፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳትም ታረዱ። ስለዚህ ትርፍራፊው ለ30 ደቂቃ ያህል እየተማሰለ መፍላት አለበት። ማገዶውና ጉልበቱ በዕቅዱ ሒሳብ ውስጥ ካልገባ ሒሳቡ ትክክል አይደለም።

አያያዝም እንዲሁ ነው። ግልገል ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ብረት ጥቂት ነው፤ የእናቱም ወተት አይበቃውም። አፈር እየቆፈረ የሚያድገው ከአፈሩ ያገኛል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድገው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የብረት መርፌ ካልተወጋ ደሙ ያንሳል። ንጹሕ ወለል ሠርተን መርፌውን ከረሳን፣ በጽዳታችን ግልገሉን ጎዳነው ማለት ነው። ደግሞም አሳማ እንደ ሰው ስለማያልበው ጥላና ውኃ ለእርሱ ቅንጦት አይደሉም፤ ሙቀት የበዛበት አሳማ መብላት ይተዋል።

በመጨረሻ የገዢው ጥያቄ ይቀራል። አብዛኛው ሕዝብ በማይበላበት አገር ገዢዎቹ ጥቂት ሆቴሎች፣ ሱቆችና የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አሳማው ለገበያ ደርሶ ገዢ እስኪገኝ በሚቆይበት ቀን ሁሉ መብላቱን አያቆምም፤ ስቡ እየበዛ በሄደ ቁጥርም ለአንድ ኪሎ ጭማሪ የሚፈልገው መኖ ይጨምራል። ፈጥኖ ማደጉ ራሱ ኪሳራ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ከበድ ያለ ነገርም አለ። የመማሪያ ጽሑፎቹ ትርፍራፊን «ጥቅም የሌለው ነገር» ይሉታል። በአዲስ አበባ ግን የሆቴል ትርፍራፊ «ቡሌ» ተብሎ ይሸጣል፤ ገዝቶ የሚበላውም ሰው ነው። አሳማ አርቢው በበርሜል ሲገዛው ከማን ጋር እንደሚሻማ የሚጠይቅ ዕቅድ ገና አላነበብኩም። ይህ እርባታውን ለመከልከል የቀረበ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ነጻ የተባለው መኖ ነጻ አለመሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ የምንቃወመው እንስሳውን ሳይሆን ሒሳቡን ነው። ከሌላ አገር የመጣ የእድገት ሠንጠረዥ ከሌላ አገር መኖና በረት ጋር የተሠራ ነው፤ ሠንጠረዡን ብቻ ወስደን ሌላውን ከተውነው ቁጥሩ ያስተናል። ጥናታችን ከበርሜሉ ይጀምር፤ ምን እንዳለበት፣ ስንት ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ማን ሊበላው ይችል እንደ ነበር ይመዝን። ሚዛኑን ወደ አሳማው የምናዞረው ከዚያ በኋላ ነው።