ዝናቡ የማያስተካክለው ውድድር

በሬኒየር ቢች ከሐይቁ ዳርቻ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ ዛፍ የለበሰ መሬት ይታየዋል፤ መርሰር ደሴት ነው። በወዲህኛው ዳርቻ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከመካከላቸውም ሲያትልን በዝናብ በጨለማ እያካለሉ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ሾፌሮች አሉ። በወዲያኛው ዳርቻ ያለው ከአካባቢው ሀብታም ሰፈሮች አንዱ ነው። የጋርት ስታይን ልብ ወለድ «ዘ አርት ኦፍ ሬሲንግ ኢን ዘ ሬይን»፣ በአማርኛ «በዝናብ የመሽቀዳደም ጥበብ» ልንለው የምንችለው፣ ዋና ፍልሚያው ገንዘብ በሌለው የሲያትል የመኪና ተወዳዳሪና በመርሰር ደሴት በሚኖሩ አማቶቹ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚወደደው እንደ ውሻ ታሪክ ነው። ከሬኒየር ቢች በኩል ሲነበብ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፦ ሰው ከተፎካካሪው የሚበልጠው በምንድን ነው?

ባለታሪኩ ዴኒ ስዊፍት ውድ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ተቀጥሮ እየሠራ የእሽቅድምድም ሾፌርነትን የሚያሳድድ ወጣት አባት ነው። ሚስቱ ኢቭ በአንጎል ካንሰር ትሞታለች፤ ወላጆቿም የልጅ ልጃቸውን ዞዪን ለመውሰድ ዴኒን ይከሱታል። ታሪኩን የሚተርከው ውሻው ኤንዞ ነው፤ ስሙ የፌራሪ መሥራች ስም ነው። ኤንዞ የውድድር ቅጂዎችን በቴሌቪዥን እያየ ያድጋል፤ ከሞተ በኋላም ሰው ሆኖ እንደሚወለድ ያምናል።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ስለ መንዳት በሚናገርበት ቦታ ይገኛል። ስታይን ራሱ በስፖርት መኪና የተወዳደረ፣ በእርጥብ ሜዳ ላይ ከተጋጨ በኋላ ውድድሩን የተወ ሰው ነውና የሚጽፈው መሪ ጨብጦ የሚያውቀውን ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጉልበተኛው ሞተር ያሸንፋል። ሲዘንብ ግን ጎማው መሬቱን በደንብ አይዝም፤ የሞተሩ ጉልበት በከንቱ ይባክናል፤ ፍሬንና ነዳጅ በለስላሳ እግር ካልተረገጡ መኪናው ይሽከረከራል። የዴኒ ብልጫ መንሸራተቱን ቀድሞ መጠበቁ፣ አንዳንዴም ራሱ መጀመሩ ነው፤ ራሱ የጀመረው ነገር አያስደነግጠውምና። ኤንዞ የሚያደንቀው ብራዚላዊው አየርተን ሴና ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ ዶኒንግተን፣ ከአላን ፕሮስት ዊሊያምስ ይልቅ ደካማ ሞተር በነበረው ማክላረን፣ በአንድ ዙር ውስጥ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ወጣ። ዝናቡ የሞተርን ብልጫ ሰረዘ፤ የቀረው የሰውየው እጅና እግር ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፉ ፍልስፍና ያንጻል፦ ትኩረቱን ያልበተነ ሰው ዕጣውን በገዛ እጁ ይሠራል። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ዴኒ ከውድድር ሜዳ ወጥቶ ፍርድ ቤት ሲገባ ዝናብ የለም። አማቶቹ ጥሩ ጠበቃ አላቸው፤ ጊዜና ገንዘብም አላቸው። ሜዳው ደረቅ አስፋልት ነው፤ ትልቁ ሞተር ይቀድማል። ባልፈጸመው የወሲብ ጥቃት ሲከሰስ ደግሞ ጥሪቱ ይሟጠጣል፤ ተስፋ ቆርጦ ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ስምምነት ሊፈርም ይቃረባል። ያ ሁሉ የዝናብ ጥበብ እዚህ ላይ አንድ እርምጃ አያስኬደውም።

ተራኪውም ይህን አይቶ አይጠይቅም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል አበው፤ ኤንዞም ያው ነው። ጌታውን ይወዳል፤ ስለዚህ ጌታውን የነኩ ሁሉ በዓይኑ ክፉ ናቸው። ልጃቸውን የቀበሩት አያቶች ሐዘን እንዳላቸው እንኳ አንባቢው ብዙ አይሰማም። በዴኒ ላይ የመሰከረችው ወጣትም እንደ ሰው ሳይሆን በመንገድ ላይ እንደተጋረጠ እንቅፋት ተስላለች። የውሻ ታማኝነት ለተራኪ ውበት ነው፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይመን ከርቲስ ዳይሬክተርነት የተሠራው ፊልም ያንን ክስ ጨርሶ አውጥቶ ከአማቱ ጋር በተፈጠረ ግብግብ ተክቶታል። ፊልሙ ለቤተሰብ እንዲመች ከባዱን አወጣ፤ የገንዘብን ጥያቄ ግን እሱም እንዳለ አለፈው።

ታዲያ ዴኒን ማን አዳነው? ፍልስፍናው «ራሱ» ይላል፤ ሴራው ሌላ ይናገራል። ተለያይተውት የነበሩት ወላጆቹ ቤታቸውን አስይዘው ገንዘብ ይሰጡታል። ሊፈርም ሲል የሚያስቆመው ውሻው ነው። የመሰከረችበት ልጅ በመጨረሻ ቃሏን ትመልሳለች። ጣሊያን ወስዶ ሥራ የሚሰጠው የፌራሪ ሰው ደግሞ እሱም ሚስቱን የቀበረ፣ በዚያ ጊዜ ደጋፊ ያገኘ ሰው ነው። ብድሩን ለዴኒ ይከፍላል። ከእነዚህ አንዱም የመንዳት ችሎታ ያመጣው ብቻ አይደለም። መዝጊያው ዴኒን የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን አድርጎ ይህን ሁሉ ሊያስረሳን ይሞክራል፤ እዚያ የሚደርሱት በልጅነታቸው ትንንሽ መኪና መንዳት የጀመሩ ናቸውና ከጋራዥ ተነሥቶ በአባትነት ዕድሜ መድረሱ ተረት ይመስላል።

ይህ ጉድለት መጽሐፉን አይጥለውም፤ እንዲያውም ደራሲው ካሰበው በላይ እውነት ያደርገዋል። ዕቁብ በደረሰው ገንዘብ መኪና ገዝቶ ሥራ የጀመረ፣ ሲታመም ጓደኞቹ የወር ክፍያውን የሸፈኑለት ሾፌር የዴኒን ታሪክ ሳይነገረው ያውቀዋል። ጥሩ ሾፌር መሆኑ አልቀረም፤ በዝናብም መንዳት ያውቃል። ግን ማን ስለቆመለት እስከዛሬ መንገድ ላይ እንዳለ ሲጠየቅ የሚጠራው የሰው ስም ነው። ስታይን ያንን ስም በታሪኩ ጽፎታል፤ በፍልስፍናው ግን ዘልሎታል።