«እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ዕዳ

ቶማስ ሃርዲ በ1895 ባሳተመው «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» ውስጥ ድንጋይ ጠራቢው ጁድ ፋውሊ ላቲንና ግሪክኛን ለብቻው ያጠናል። ገና ልጅ ሳለ የአክስቱን የዳቦ ጋሪ እየነዳ ነው ንባብ የጀመረው። ካደገ በኋላ ክራይስትሚንስተር ወደምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይሄድና ሂሳቡን ይሠራል። ከሚያገኘው ላይ እየቆጠበ ለመግቢያ ፈተና እስኪደርስ 15 ዓመት ሊፈጅበት ነው። ቢጨንቀው ለአምስት የኮሌጅ አለቆች ደብዳቤ ይጽፋል። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ይመልስለታል፤ መልሱም ባጭሩ «አንተ ሠራተኛ ነህ፣ እዚያው ሙያህ ላይ ብትቆይ ይሻልሃል» የሚል መንፈስ ያለው ነው።

ያነበበ ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ይናደዳል፤ መናደድም ያለበት ነው። ሁለተኛ ሳነበው እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ደብዳቤው ግልጽ ነው። ጨካኝ ነው፣ ንቀት አለበት፣ ግን ምን እያለ እንደሆነ አያሻማም። ጁድም ምን እንደተባለ ገብቶታል። መጠጥ ቤት ገብቶ ጠጣ፣ ከዚያ ለሥራው በሚይዘው ጠመኔ ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ከመጽሐፈ ኢዮብ አንድ ጥቅስ ጽፎ ሄደ። በማን እንደተናደደ ያውቃል፤ የሰውዬው ግድግዳም ፊቱ ቆሟል።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እየሠራ ለሚማር ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። የሚጻፍለት «እንኳን ደስ አለዎት» ነው። እኔ አንድ ዲግሪ ለመያዝ ሦስት ኮሌጅ ረግጫለሁ፤ ከሦስቱም «እንኳን ደስ አለዎት» ደርሶኛል። ደብዳቤዎቹን እንደ አንድ የጽሑፍ ዘር ይዤ ማንበብ የጀመርኩት ቆይቼ ነው። ልቦለድ ስናነብ ተራኪው ማን ነው፣ ምን ደበቀ፣ ለምን ይህን ቃል መረጠ እንላለን አይደል? የፋይናንሺያል ኤይድ ደብዳቤም ይህንኑ ጥያቄ ይችላል። እንዲያውም ከብዙ ልቦለድ በላይ ይችላል፣ ምክንያቱም ስህተት ያነበበ ሰው ሃያ ዓመት ይከፍላል።

«ትምህርት አዳነኝ» የሚለው የመጽሐፍ ዓይነት ግን ወደ ወረቀቱ ብዙ አይጠጋም። ጀግናው በረት ውስጥ ወይም ሱቅ ጀርባ ያነባል፣ ኮሌጅ ይገባል፣ ሕይወቱ ይቀየራል፤ መሃል ላይ ያለው ቢሮ ይዘለላል። ከማውቃቸው ውስጥ ወረቀቱን የምር አድርጋ የያዘችው ታራ ዌስቶቨር ናት፤ «ኤጁኬትድ» በሚለው በ2018 በወጣው ማስታወሻዋ። አባቷ የመንግሥት ገንዘብ ወጥመድ ነው እያለ ነው ያሳደጋት። ጥርሷ ታሞ፣ ገንዘብ አልቆባት፣ ፔል ግራንት ጠይቂ ስትባል ትጨነቃለች። ለማመልከት ደግሞ የወላጆቿ የግብር ወረቀት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሲመጣ ከሚያስፈልጋት በላይ ይሆንባትና ትርፉን ልመልስ ብላ ትደውላለች። ለእኔ ከተራራውም ከካምብሪጅም ይልቅ የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ ይኼ ነው። ገንዘብ ማግኘት ማለት ስለ ገንዘብ ሳያስቡ መዋል መቻል እንደሆነ እዚያ ላይ ይገባታል። ከዚያ በኋላ ግን ቢሮው ከታሪኩ ይወጣል። አልፈርድባትም፤ የእሷ ጣጣ ሌላ ነበር። ደግሞ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ክሬዲቷን ተሸክማ አልዞረችም።

እስቲ እኛ ቢሮው ውስጥ እንቆይ።

መጀመሪያ «አዋርድ ሌተር» የሚባለውን እንይ። አዋርድ ሽልማት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ግራንትና ሎን ተደራርበው ይሰለፋሉ፣ ከሥር ይደመራሉ፣ ድምሩ ሽልማትዎ ይባላል። በአማርኛ ብድርን ሽልማት ብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖር ወይ እያላገጠ ነው ወይ ሊያታልል ነው። እኛ «ብድር በምድር» ያልን ሰዎች ነን፤ ቃሉ ስንሰማው ራሱ መልስ ይጠይቃል። በ2018 ኒው አሜሪካና ዩአስፓየር የተባሉ ሁለት ድርጅቶች የኮሌጆችን ደብዳቤ ሰብስበው ሲያነቡ አንድን የፌዴራል ሎን ኮሌጆቹ በ136 የተለያየ ስም ሲጠሩት አገኙ። ከስሞቹ 24ቱ ውስጥ «ሎን» የሚለው ቃል የለም። ይህን ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው፣ በኋላ ነው ያናደደኝ። የትኛው ባለቅኔ ነው ለአንድ ነገር 136 ስም የሚያወጣ? ሰምና ወርቅ እንኳ ወርቁን የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው ተደርጎ ይሠራል። በ2022 ደግሞ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት፣ ጋኦ፣ 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች በደብዳቤያቸው ላይ ተማሪው በትክክል ከኪሱ የሚከፍለውን ወይ ጭራሽ አይጽፉም ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ ብሎ ገምቷል። ይህን ያህል ሰው ባንድ ላይ «ረስቶት» አይደለም።

ፋፍሳ የተባለው ፎርም የራሱ ሰዋስው አለው፤ ግሡ ሁሉ ኃላፊ ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የሚያመለክት ሰው የሚጠየቀው የ2023 ገቢውን ነው። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ሠራተኛን ግን አስቡት። አንድ ሰው በ2023 ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር እየሠራ በሳምንት 65 ሰዓት ይለፋል እንበል። ልማር ብሎ በ2025 አንዱን ሥራ ይተዋል። ፎርሙ የሚያየው የቀድሞውን ሰው ነው። ለመማር ብሎ የከፈለውን ዋጋ ፎርሙ አያነበውም፤ አምናና ካቻምና የለፋው ልፋት ዛሬ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። የኮሌጁ ቢሮ ሁኔታውን አይቶ ማስተካከል ሥልጣን አለው፤ ግን ይህ መኖሩን ማወቅና መጠየቅ የተማሪው ፋንታ ነው። ፎርሙ በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ታድሶ ሲወጣ ጥያቄዎቹ ከመቶ በላይ ከነበሩበት በጣም ወረዱ፣ ያ እውነተኛ መሻሻል ነው። እዚያው ላይ ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ያሏቸው ልጆች ለወራት ፎርሙን መጨረስ አቅቷቸው ነበር። አጭር ጽሑፍ ሁሉ ግልጽ ጽሑፍ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ክሬዲቱ። ክሬዲት የዕውቀት መለኪያ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1906 አካባቢ የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ሊከፍል ተነሣ፤ የትኛው ተቋም በእውነት ኮሌጅ ነው ብሎ ለመለየት ትምህርትን በሰዓት መቁጠር አስፈለገው። ከዚያ የሰዓት ቆጠራ ነው የዛሬው ክሬዲት ያደገው። ለአስተማሪ ጡረታ የተሰፋ ልብስ ተማሪ እንዲለብሰው ሆነ ማለት ነው። በዛሬው የፌዴራል ትርጉም አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ለ15 ሳምንት ያህል ነው። ሙሉ ጊዜ ለመባል 12 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ አባዙት፣ በሳምንት 36 ሰዓት ይመጣል። ከ40 ሰዓት ሥራ ጋር ሲደመር 76። እንቅልፍና መንገድ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ሠራተኛው ስድስት ስድስት እየወሰደ ይጎተታል፣ ፔሉም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ትራንስፈር ሲያደርግ የሚደርሰው ወረቀት ላይ አንድ የምወደውና የምጠላው ቃል አለ፦ «ኢሌክቲቭ»። ኮርስህን ተቀብለነዋል፣ ግን ለምታጠናው ትምህርት አይቆጠርም ማለት ነው። እንግዳ ግባ ተብሎ ወንበር ያልቀረበለት ዓይነት ነው፤ ቤት ውስጥ አለ፣ ግን ቆሟል። ተማሪው ድምሩን አይቶ ደስ ይለዋል፣ ደስታው የሚያልቀው አድቫይዘሩ ፊት ሲቀመጥ ነው። ጋኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ትራንስፈር ያደረጉ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ያህል ክሬዲታቸውን አጥተዋል ብሎ ገምቷል። ለትርፍ ከሚሠሩ ኮሌጆች ወደ መንግሥት ኮሌጅ የተዛወሩት ደግሞ 94 በመቶ። ሌሊት በአውቶቡስ ላይ ማስታወቂያቸውን የምናየው እነዚያ ኮሌጆች ናቸው፤ «ለሠራተኛ የሚመቹ» ይባላሉ።

ኮሌጆቹ መከራከሪያ የላቸውም አልልም። እዚያ የተሰጠ ኬሚስትሪ እዚህ ከሚሰጠው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ ነርስ የምትሆነውን ሴት ማንም አናቶሚ ሳታውቅ እንድትመረቅ አይፈልግም። ይህ እውነት ነው። ግን መጠየቅ ያለበት ኮርሱን ሳይጨርስ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል ነው። እንደሚቻልም ታይቷል፦ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 በጀመሩት አድቫንስ በተባለ ፕሮግራም ተማሪው ከመጀመሪያው የሁለቱም ነው፣ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር ቀድሞ ያውቃል። የሰው ልጅ ሊጽፈው የሚችል ወረቀት ነው ማለት ነው።

የጠፋው ክሬዲት ጠፍቶ ቢቀር ጥሩ ነበር። አይቀርም። ፔል ግራንት የዕድሜ ልክ ገደብ አለው፤ ከሙሉ ጊዜ 12 ሴሚስተር አይበልጥም። ለማይቆጠረው ኮርስ የወጣው ፔል ከዚያ ላይ ተነሥቷል። ደግሞ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ 180 ክሬዲት ከሞከርክ የፌዴራል ዕርዳታው ይቆማል፤ አዲሱ ኮሌጅ «ተቀብያለሁ» ያላቸው ቋሚ እንግዶችም ከ180ው ውስጥ ሊቆጠሩ ይችላሉ። አስተውሉ፦ ለዲግሪው ሲሆን የሌለ ክሬዲት ለቅጣቱ ሲሆን ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ተራኪ ልቦለድ ውስጥ ቢገጥመን የማይታመን ተራኪ እንለዋለን።

ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ለመጣ ሰው አንድ ፎቅ ይጨመራል። እዚያ ኮስት ሼሪንጉን ሳይጨርስ ከወጣ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ክሊራንስ ይጠየቃል፤ እዚህ ደግሞ ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ ኮሌጁ ትራንስክሪፕት ሊይዝ ይችላል (ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ይህን በከፊል ገድቦታል)። ሁለት አገር፣ ሁለት ዕዳ፣ አንድ ዘዴ፦ ወረቀትህን መያዝ።

ዕርዳታው ሲቆም የሚቀረው አፒል ነው። ከሁሉም ወረቀት እንደ ጽሑፍ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ተማሪው ሁለት ነገር እንዲጽፍ ይጠበቅበታል፦ ለምን ወደቅህ፣ አሁን ምን ተቀየረ? በሌላ አነጋገር ኮሌጁ ሴራ ያለው ታሪክ ይጠይቃል፤ መከራ፣ መውጫ፣ የተለወጠ ገጸ ባሕርይ። ማስረጃም ይያያዛል፦ የሐኪም ወረቀት፣ የሞት ሰርተፊኬት። እናቱ አዲስ አበባ የሞተችበት ሰው ለቅሶውን አስተርጉሞ ፖርታል ላይ ይሰቅላል። ግን የብዙ ሠራተኛ እውነት በዚህ ቅርጽ አይገባም። ምንም አልተቀየረም እኮ! ሥራው ያው ነው፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ ልጅየው አሁንም አስም አለበት። ይህን የጻፈ አፒል እውነተኛ ነው፣ ይወድቃልም። ስለዚህ ሰው መዋሸት ሳይሆን ማሳመር ይማራል።

የእኛ ሰው ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። ደጅ ጥናት የኖርንበት ነገር ነው፤ «አቤት!» ብሎ የጮኸ ሰው ቢያንስ የሚሰማው ጆሮ የት እንዳለ ይገምታል፣ ቀን ቆጥሮ ተመልሶ ይመጣል። ፖርታሉ ደጅ የለውም፤ የጽሑፍ ሳጥን አለው፣ ከሳጥኑ ሥር ደግሞ ስንት ፊደል እንደቀረ የሚቆጥር ቁጥር። ሆኖም በየከተማው፣ በየካፌው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በኋላ ሳይቀር፣ እንግሊዝኛው ጠንከር ያለ አንድ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ የሌላውን አፒል ሲጽፍ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ የምናውቀው ራፖር ጸሐፊ ነው፣ ያለ ጃንጥላው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ በአማርኛ ትነግረዋለች፣ እሱ ያሳጥራል፣ «ይኼን አንጻፈው፣ አይወዱትም» ይላታል፤ እሷም እሺ ትላለች። ያ የተተወው ዓረፍተ ነገር የት እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የሚጻፈውን ኮሌጁ ያነበዋል፤ የተተወውን ያነበበ እስካሁን የለም።