የሚስት ደመወዝ የማን ነው?

አንባቢ ሆይ! ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አለ እንበል። ባልም ሚስትም ሠራተኞች ናቸው። ወር በደረሰ ቁጥር ሚስት ደመወዟን ለባሏ ታስረክባለች፤ የታክሲዋን ከእሱ ትጠይቃለች። እናቷ ብትታመም እንኳ ሳታስፈቅድ ገንዘብ መላክ አትችልም። ምነው ቢባል፣ «የቤቱ ኃላፊ ወንድ ነው፤ ዲኑ ነው ያዘዘው» የሚል መልስ ይሰጣል።

በእርግጥ ዲኑ ይህን አዟልን? የወንድን ኃላፊነት የሚናገረው የሱረቱ-ን-ኒሳእ 34ኛ አንቀጽ፣ ወንዱ ከገንዘቡ ወጪ ማድረጉን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል። አንቀጹን ይዞ የሚስቱን ደመወዝ የሚሰበስብ ሰው ገልብጦ አንብቦታል ማለት ነው። ሁለት አንቀጽ ወደ ኋላ ቢመለስ፣ ሴትም ከሠራችው ድርሻ እንዳላት ያገኝ ነበር። መህሯን እንኳ ባል የሚበላው ወዳና ፈቅዳ ከሰጠችው ብቻ ነው።

የኢብኑ መስዑድን ባለቤት ዘይነብን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ለባሏና ለምታሳድጋቸው የቲሞች ብታወጣ ሰደቃ ይሆንላት እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠየቀች። የዝምድናና የሰደቃ፣ ሁለት ምንዳ እንዳላት ተነገራት። ልብ በሉ! ገንዘቡ ቀድሞውኑ የባሏ ቢሆን ኖሮ ሰደቃ ይባል ነበርን? በፍርሃት የተሰጠስ እንዴት ሰደቃ ይሆናል?

እኅቶችም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላቸው። ባል ሥራ ባጣና በታመመ ጊዜ «የራሴ ነው» ብሎ እጅን መሰብሰብ ዘይነብን መከተል አይደለም። መብቷ እንደተጠበቀ ሆኖ መስጠቷ ነው ምንዳዋን ያበዛላት።

አንድ ነገር ደግሞ እንወቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ባቋቋማቸው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዳኘት ደግሞ የሁለቱንም ተከራካሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጠብ ተነሥቶ ልደታ ፍርድ ቤት የደረሱ ጥንዶች ያላሰቡት ሚዛን ሊገጥማቸው ይችላል። ሕጉ ግን በጋብቻ ውል ስለ ንብረት መስማማትን ይፈቅዳል።

ታዲያ አባቶች ሆይ! ለልጃችሁ ኒካሕ ስታስሩ ስለ መህሩ ብቻ አትነጋገሩ። ደመወዟ የማን እንደሆነ፣ ለቤቱ ምን ያህል ወዳ እንደምታዋጣ በጽሑፍ ይቀመጥ። በፍቅር ቀን የተጻፈ ውል በጠብ ቀን ያስታርቃል። ወሏሁ አዕለም።