ደረቅ ያደርክባቸው ሌሊቶች

ከሚሴ ከተማ ውስጥ «ሽንቴ ያመልጠኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወንዱ ወገቡን ይዞ ይመጣና «ኩላሊቴን» ይላል። ሴቷ «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች። እናት ልጇን አስከትላ የትል መድኃኒት ትጠይቃለች። የሽንት ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፤ ባለጉዳዩ ግን ከወንበሩ አይነሳም። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ ዋናው ሥራዬ የሚጀምረው ያ ሰው አልነሳ ሲል ነው። መድኃኒቱን መጽሐፍ ያስተምራል። ማንን ከክፍሉ አስወጥቶ፣ ምን አስቀድሞ፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ እንደሚጠየቅ ግን የሚለመደው በሥራ ነው።

ልጅን «አልጋ ላይ ትሸናለህ?» ማለት ከክስ አይለይም። አንገቱን ይደፋል፤ እናቱ በእሱ ፈንታ ትመልሳለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ስንት ሌሊት ደረቅ አደርክ?» እላለሁ። ቀና ብሎ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል። ሁለት ካለኝ ሁለቱ የእሱ ናቸው፤ ማንም አይነጥቀውም።

ቀጥሎ ወላጆቹን አነጋግራለሁ። በአምስት ዓመታቸው ከመቶ ልጆች ወደ 15 የሚጠጉት ሌሊት ይሸናሉ። ከእነዚህም በየዓመቱ ከመቶ 15 ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ልጁ ሰንፎ ወይም ንቆን ነው የሚሉት ውሸት ነው። ፊኛው ሲሞላ እንቅልፉ አይሰበርለትም፤ ወይም ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰው ሆርሞን ገና አላደገለትም። በእሳት ስለተጫወተ ነው የሚለውን ስሰማ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፤ ማንንም አይጎዳም። በሳማ የተገረፈ ልጅ ሲመጣ ግን ፈገግታዬ ይጠፋል። ያኔ ወደ አባትየው ዞሬ «እርስዎስ በልጅነትዎ?» እላለሁ። ነገሩ በዘር ይወርዳል፤ ሁለቱም ወላጆች የነበረባቸው ልጅ ከአራት ሦስት ያህል ዕድል አለው። አንዳንዱ አባት ይስቃል። አንዳንዱ ሚስቱን እያየ ዝም ይላል፤ ለካ ለእሷም ነግሯት አያውቅም።

እዚህ አገር ደግሞ የልጁን ሕይወት የሚወስን ሌላ ነገር አለ። ቁርኣን ሊቀራ ከቤቱ ወጥቶ ከሌሎች ደረሶች ጋር በአንድ ሰሌን ላይ የሚያድር ልጅ፣ አንድ ሌሊት ከሸና ስሙ እዚያው ይወጣለታል። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ጎበዝ የሚባል ልጅ «መቅራት አልፈልግም» ብሎ አስቸግሮ መጥቶልኝ ነበር። ቤተሰቡ አመፀ ብሎ ነበር የሚያስበው። ትልልቆቹም ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ የሚያስጨንቃቸው የመኝታ ክፍሉ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ እናት «በረመዳን አይሸናም» ስትለኝ ምክንያቱ ገባኝ፤ ለሱሑር ቤቱ ሁሉ ስለሚነሳ እሱም ወጥቶ ይመለሳል። መቀስቀስ ሰሌኑን ያድናል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ ሆኖም በሰው ቤት ለሚያድር ልጅ ሰሌኑም ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ሻይና ቡና እንዲቀር፣ ድርቀት ካለበት እንዲታከም፣ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲሸና አድርገን ላክነው።

ለዓመታት ደረቅ አድሮ ድንገት የጀመረ ልጅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ውሃ አብዝቶ እየጠጣ ከከሳ የዚያኑ ዕለት ስኳሩ ይለካ። ስኳሩ ደህና ከሆነ ቤት ውስጥ ምን እንደደረሰ መጠየቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ከደረሰ በኋላ መልሱን ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም።

ትልቅ ሰው ላይ የጥያቄው መግቢያ በር አልጋው ነው። «ግንኙነታችሁስ እንዴት ነው?» ብዬ ብጀምር ተነስቶ ይሄዳል። «አሁን አንድ ላይ ነው የምትተኙት?» ስል ግን ይመልሳል። ስልሳ ያለፉ ሐጂ ፕሮስቴታቸው አብጦ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነሱ ነበር። አንድ ሁለቴም ደጅ ሳይደርሱ አምልጧቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሚያድሩት በእንግዳ መቀበያው መደብ ላይ ነው። ባለቤታቸው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ለነርሷ «ሌላ ሊያገባ ነው» ይሏታል። ሁለቱም የልባቸውን ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይዘው ከርመዋል። ወጣት ከሆነ ደግሞ ጫቱን እጠይቃለሁ። ጫት የፊኛውን አንገት አጥብቆ ሽንት ያዘገያል፤ አብሮት የሚጠጣው ውሃ ሌሊቱን ያመላልሰዋል። እሱ ግን ወንድነቴ ተነካ ብሎ ደምድሟል።

ከሁሉም የሚከብደኝ በወሊድ የመጣው ፊስቱላ ነው። ምጡ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋው ሞቶ ይቀደዳል። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ሽንቱ ቀንና ሌሊት ይፈስሳል። ሐኪሞቹ ካትሪን እና ሬጅናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው፣ በ1974 ለዚሁ ብቻ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ አቋቁመዋል፤ የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ችግሩ እስከዚያ ያለው መንገድ ነው። ታማሚዋ አውቶቡስ ላይ እንዳይሸት ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ያ ደግሞ ሽንቱን ያከርረዋል፤ ሽታውም ይብሳል፤ ገላዋም ይቆስላል። «ጠጪ» ስላት ያበድኩ ይመስላታል።

ሶላቷንም አቁማ ነው የምትመጣው፤ «ነጃሳ ነኝ» ትላለች። ይህን የምፈርድ እኔ አይደለሁም። ወደ ሸኾቹ ስልክ አስደውላለሁ። ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ወቅቱ ሲገባ ታጥቦ፣ ጨርቅ አስሮ፣ ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ ከእነሱ አፍ ስትሰማ የምታለቅስ አለች። ከኔ ብትሰማው ማጽናኛ ብቻ ይሆንባታል።

ተጠግና ስትመለስ ሥራው ገና ነው። ሦስት ወር ከባሏ መለየት አለባት፤ ቀጣዩ ወሊድ በኦፕራሲዮን ነው። ጠባሳው ከዚያም በኋላ ግንኙነቱን ሊያሳምመው ይችላል፤ እሷ አትጠይቅም፤ «ብዙ ሴቶችን ያማቸዋል» ብዬ እኔ እጀምራለሁ። ሦስት ወሩን ከእሷ አፍ ሲሰማው እምቢታ ስለሚመስለው ባልየውን ለብቻው እጠራዋለሁ። በቁጥር አልነግረውም፤ «እስከ አረፋ» ወይም «ረመዳን እስኪፈታ» እለዋለሁ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ያለበትን ወረቀትም ለእሱ እሰጠዋለሁ።