የሲየና ካቴድራል ወለል

በኢጣሊያ ሲየና ከተማ ካቴድራል የገባ ሰው መጀመሪያ ቀና ማለቱ አይቀርም። ጥቁርና ነጭ እብነ በረድ እየተፈራረቀ የተደረደረባቸው ምሰሶዎች ዓይንን ሽቅብ ይስባሉ፤ ኒኮላ ፒዛኖ እ.ኤ.አ. ከ1265 እስከ 1268 የሠራው የስብከት ሰገነትም ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ለእመቤታችን ዕርገት በተሰየመው በዚህ ቤተ ክርስቲያን እኔ የቆየሁት ግን አቀርቅሬ ነው። ወለሉ ሥዕል ነውና።

ሥዕሎቹ 56 ናቸው። ከ14ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ሠርቷቸዋል። የሰው እግር እንዳይበላቸው አብዛኞቹ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በመሸፈኛ ተከልለው ይቆያሉ፤ የሚገለጡት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው።

የቀደሙት ባለሙያዎች ነጩን እብነ በረድ በመሮና በመሰርሰሪያ ይፈለፍሉና ፍልፍሉን በጥቁር ቅጥራን ይሞሉታል። በእናቶቻችን አንገት ላይ ንቅሳት ያየ ሰው ዘዴው ወዲያው ይገባዋል፤ ጥቁሩ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ውስጥ የገባ ነው። ማቴዮ ዲ ጆቫኒ እ.ኤ.አ. በ1481 ገደማ የነደፈው፣ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት ታሪክ በዚህ መንገድ ተሠርቷል። ወታደርና እናት፣ ክንድና ጩቤ፣ የተበተነ ፀጉርና የተጨማደደ ልብስ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፤ ይህን ሁሉ ትርምስ የሚለየው መስመር ብቻ ነው። መሮ አንዴ ካለፈ ደግሞ መሰረዝ የለም። ያን ያህል የተጨናነቀ ሥዕል ውስጥ የትኛው ክንድ የማን እንደሆነ ሳይጠፋ መቅረቱ አስደንቆኛል።

ከዚያ ዶሜኒኮ ቤካፉሚ መጣ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ወለል ላይ ሲሠራ፣ ጥላን በመስመር ማሳየቱን ትቶ ራሱን ድንጋዩን ጥላ አደረገው። ብርሃን ለሚያርፍበት ነጭ፣ ለደብዛዛው ግራጫ፣ ለጨለማው ጠቆር ያለ እብነ በረድ እየተመረጠ፣ እየተቆረጠ ይገጠማል። ከመሠዊያው ፊት ያለው የአብርሃም መሥዋዕትና በአቅራቢያው ያለው፣ ሙሴ ከዓለት ውሃ ሲያፈልቅ የሚያሳየው ረጅም ሥዕል የዚህ ሙያ ጫፍ ናቸው።

ችግሩ ምን እንደነበር ማሰብ ይገባል። በወረቀት ላይ ከሰል በጣት ሲታሽ ጥላው ቀስ እያለ ይሳሳል። ድንጋይ ግን አይታሽም፤ ግራጫው አንድ ቦታ ላይ ማብቃት፣ ነጩም እዚያው መጀመር አለበት። ስለዚህ ጥላው የሚቆምበትን ጠርዝ መወሰን ግድ ነው፤ ያ ጠርዝ ደግሞ የሁለቱ ድንጋዮች መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው ከጡንቻው ቅርጽ ጋር ሲጓዝ ክንዱ ክብ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ቢስት ክንዱ ቀርቶ የተጣፈ ድንጋይ ይሆናል።

ቤካፉሚ የሣለው በወረቀት ላይ ነው፤ ከትላልቅ ንድፎቹ የተወሰኑት ዛሬም በሲየና የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ወደ እብነ በረድ የለወጡት ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። በእኔ እምነት ግማሹ ክብር የእነርሱ ነው፤ የሠዓሊውን ጥላ አንብበው የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ እጅ ነበራቸው። ሲየና የሚሄድ ሰው ወለሉ የሚገለጥበትን ጊዜ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሲገባም ወደ መሠዊያው ከመቸኮሉ በፊት ማቴዮ ዘንድ ይቁም፤ ቤካፉሚ የተወው መስመር ምን ያህል ይችል እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው።