ወረቀት የያዘው ከተማ

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ምሳሌው ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ውልና ስለ ምስክርነት ጽሕፈት ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ወረቀት፣ ይኸውም ብርሃን ስለሚጽፍበት ስለ ፎቶግራፍ ወረቀት ልንጠይቀው ወደናል። አንድ ቤት ፈርሶ ሥዕሉ ብቻ ቢቀር፣ ወረቀቱ በእርግጥ የያዘው ምንድን ነው? ቤቱን ነውን? ወይስ ቤቱን ያየውን ሰው አሳብ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የሁለት ፈረንሳውያንንና የአንዲት አሜሪካዊትን ሥራ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የኛን አቆጣጠር ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1853 እስከ 1870 የሴን ክፍለ ሀገር ገዥ የነበረው ባሮን ኦስማን፣ በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ፈቃድ ፓሪስን እንደ ገና ሠራት። ጠባቡና ጠማማው መንገድ እየፈረሰ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ተዘረጋ፤ ከመሬት በታች የፍሳሽ መውረጃ ተቈፈረ፤ ንጹሕ ውኃም ከሩቅ ምንጭ መጣ። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት ተደረገ ለማለት አይቻልም፤ በ1832 እና በ1849 የኮሌራ በሽታ በዚያች ከተማ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና። የከተማው አስተዳደር ግን የሚያፈርሰውን ሳያስመዘግብ ሊያፈርስ አልወደደም። ስለዚህ ሻርል ማርቪል (1813–1879) የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈርሱትን መንገዶች እንዲያነሣ አዘዘው፤ እርሱም ከ400 የሚበልጡ ሥዕሎች አዘጋጀ።

የማርቪልን ሥራ ስንመለከት አስቀድሞ የሚያስደንቀን ጥራቱ ነው። የድንጋዩ ንጣፍ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ በመንገዱ መካከል የሚወርደው ውኃ ብርሃን ይዞ ዐይናችንን ወደ ውስጥ ይመራል፤ በግድግዳው ላይ የተጻፈው የነጋዴ ማስታወቂያ ፊደል በፊደል ይነበባል። ነገር ግን ሰው የለም ቢባል ይቀላል። አንዱ ምክንያት የመሣሪያው ነው፤ የዚያ ዘመን የመስተዋት ሰሌዳ ብርሃኑን ለመቀበል ብዙ ሰከንድ ይፈልግ ስለ ነበር፣ የሚንቀሳቀስ ሰው እንደ ጭጋግ ይጠፋል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ግን ውጤቱ ከባድ ነው። ባዶ መንገድ ማንም የማይኖርበት ይመስላልና፣ ሊፈርስ የተገባው ሆኖ ይታያል። ከነዚያ በሮች በስተ ኋላ ይኖሩ የነበሩት ድኾች፣ ኪራይ እየተወደደባቸው ወደ ከተማው ዳር መገፋታቸውን ሥዕሉ አይነግረንም። ማርቪል በኋላ አዲሶቹን ጎዳናዎች ደግሞ እንዲያነሣ ታዟል፤ አሮጌው «በፊት»፣ አዲሱ «በኋላ» ተብሎ ጎን ለጎን ሲቆም ፍርዱ ከተመልካቹ ዐይን አስቀድሞ ተሰጥቷል። እንግዲህ አፍራሹ እጅ ያዘዘው ሥዕል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የደረሰኝ ጠባይ አያጣም።

ሆኖም ፍርዳችን ሚዛን እንዳይስት አንድ ነገር እንጨምር። ካሜራ ከታዘዘው በላይ ይሰበስባል። ስለ መስኮቱ ስብራት፣ ስለ ጫማ ሰፊው ምልክት፣ ስለ ግድግዳው ርጥበት ማንም ማርቪልን አላዘዘውም፤ ሁሉም ግን በሰሌዳው ላይ ገባ። የዛሬው ታሪክ ጸሐፊ የሚጠቀመው በዚሁ ትርፍ ነው።

ኧዤን አትዤ (1857–1927) ከማርቪል በአንድ ትውልድ በኋላ መጣ። በወጣትነቱ መርከበኛ፣ ቀጥሎም የቴአትር ተዋናይ ነበረ፤ በሁለቱም ሳይከብር ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ራሱንም ሠዓሊ ብሎ አልጠራም፤ ለሠዓሊዎች የሚሆን ሰነድ እሸጣለሁ ይል ነበር እንጂ። ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ ከባድ የእንጨት ካሜራና 18 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የመስተዋት ሰሌዳዎች ተሸክሞ፣ አሮጌይቱን ፓሪስ በየማለዳው ዞራት። ሥዕሎቹን ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዘክር ይሸጥ ነበር፤ በ1920 ደግሞ 2,621 ሰሌዳዎችን በ10,000 ፍራንክ ለፈረንሳይ መንግሥት ሸጠ።

የአትዤ ሥዕሎች በላይኛው ማዕዘናቸው ብዙ ጊዜ የጠቈረ ቅስት ይታይባቸዋል። ይህም የሚሆነው የቤቱ አናት እንዳይቈረጥ ሌንሱን ወደ ላይ ሲገፋው፣ ብርሃኑ የሰሌዳውን ጫፍ መሸፈን ስለሚያቅተው ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረው ይሆናል፤ እኛ ግን እንደ ታማኝነት እንቈጥረዋለን። አትዤ ከሥዕሉ ውበት ይልቅ የቤቱን ሙሉነት መረጠ።

ሁለተኛውም ልዩነት ከዚህ የሚበልጥ ነው። በ1908 ባነሣው «ኦ ታምቡር» በተባለው የመጠጥ ቤት ሥዕል፣ ሰዎች ከበሩ መስተዋት ጀርባ ቆመው ወደ ውጭ ይመለከታሉ፤ በዚያው መስተዋት ላይም የካሜራው ጥላ አርፏል። የሚያየውና የሚታየው በአንድ ብርጭቆ ላይ ተገናኙ። በ1913 ደግሞ ከከተማው ቅጥር አጠገብ በጎጆ የሚኖሩትን ጨርቅ ለቃሚዎች ከነቤታቸው አነሣቸው። ማርቪል ሳያሳየን ያለፈውን፣ ይኸውም ተገፍቶ የሄደው ሕዝብ የት እንደ ደረሰ፣ አትዤ በዚህ አመለከተን። ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ እንዳይደለ የገባው ይመስለናል።

ቤረኒስ አቦት የተባለችው አሜሪካዊት አትዤን በፓሪስ አውቃው ነበር፤ ከሞተም በኋላ በ1928 የቀሩትን ሥራዎቹን ገዝታ ከመበተን አዳነቻቸው። በ1929 ወደ ኒው ዮርክ በተመለሰች ጊዜ ከተማዪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጣ አገኘቻት። ከ1935 እስከ 1939 በመንግሥት ገንዘብ «ተለዋዋጭዋ ኒው ዮርክ» የተባለውን ሥራ ፈጸመች። በዚህ ሥራ አሮጌውና አዲሱ እንደ ባላንጣ አልተለያዩም፤ ዝቅተኛው የጡብ ቤት ከሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ እግር ሥር በአንድ ሥዕል ይገባል። ከዚህም በቀር ረዳቶችዋ የየሕንፃውን ታሪክ እያጠኑ ከሥዕሉ ጋር ያኖሩ ነበር። የማርቪልም የአቦትም ገንዘብ ከመንግሥት የመጣ መሆኑን ስናስተውል፣ ጥፋቱ በገንዘቡ ምንጭ ሳይሆን በትእዛዙ አሳብ መሆኑን እንረዳለን።

ነገር ግን አቦት እንኳ አንድ መራራ እውነት ታስተምረናለች። የብረትና የመስተዋት ጣሪያውን እንደ ደን አድርጋ ያነሣችው የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ፣ ከ1963 ጀምሮ ፈረሰ። ሥዕሉ አላዳነውም። ከዚያ በኋላ የሌሎቹን ታላላቅ ቤቶች ዕድል የለወጠው በ1965 የወጣው የኒው ዮርክ የቅርስ ሕግ ነው። ፎቶግራፍ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ምስክርም የሚጠቅመው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ሲጠራ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2007፣ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከ1886 እስከ 1941 ስለ ተሠሩት የከተማዪቱ ሕንፃዎች መጽሐፍ ማሳተማቸው መልካም ሥራ ነው። ከተማ መለወጥ የለባትም አንልም፤ ጭቃና በሽታ የሚወደድ ቅርስ አይደለም፤ ርጥብ ድንጋይም በሥዕል ሲያምር ሽታው አይሰማም። የምንለው ይህ ነው። «ፎቶግራፉ አለን» የሚለው ቃል ለማፍረስ ፈቃድ ሊሆን አይገባውም። ቤት ሲነሣም ቀኑ፣ የመንገዱ ስም፣ የሠሪውና የኖሪው ታሪክ አብሮ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ሹሙ ሥልጣን፣ መምህሩ ዕውቀት፣ ተማሪውም በእጁ የያዘው ስልክ ይበቃዋል።

ወረቀት የያዘውን እንደማይለቅ እርግጥ ነው። ያልሰጡትን ግን አይይዝም። ማርቪል ግድግዳውን ሰጠው፣ ግድግዳውን ያዘ፤ አትዤ ግድግዳውንና ከመስተዋቱ ጀርባ የቆመውን ሰው ሰጠው፣ ሁለቱንም ያዘ። እኛስ ለልጆቻችን ወረቀት ምን እንሰጣለን?